በፊት ሰባት፣ በኋላ አራት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዳዊት በራችን ላይ አንድ መኪና አቆመ። የሱ አይደለችም፣ የደንበኛ ናት። ዳዊት መካኒሳ ጋራዥ አለው፤ ሠርቶ የጨረሳትን መኪና ለባለቤቷ ከመመለሱ በፊት ፉሪ ድረስ ነድቶ ይሞክራታል። የዚያን ዕለት ግን ጥሩምባውን ሁለቴ ነፋና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«እማዬ፣ አባዬን ጥሪልኝ! የልጅ ልጇ መጥታለች በይው!» አለኝ።

የማን የልጅ ልጅ ነች ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። እኔ ለመደንገጥ ምክንያት አልፈልግም። ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ፤ ሳይጠራ ሲውልም እደነግጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ ዜናው ሳይነገር ቀድማ ታለቅሳለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የሚስቁት እኔ ስለ ፈራሁላቸው ነው።

ከበሩ ውጪ አንዲት ግራጫ ስቴሽን ቆማለች። ጀርባዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ የፊት መብራቶቿ እንደ ተቆጣች ድመት ዓይን ወደ ላይ የተሳቡ። ድምፅ የላትም። ሞተሯ እየሠራ መሆኑን ያወቅሁት ኮፈኗ ላይ የወደቀው ካፊያ ሲተን አይቼ ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ጉልበቱ እምቢ ብሎታል እንጂ ዓይኑ ገና ሾፌር ነው። አንድ ጊዜ ዞራት። ጎማዋን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ።

«እናቷን አትመስልም» አለ። ወደ ፊቷ ዞሮ ደግሞ፣ «አያቷንም አትመስልም። ዓይኗን ምን አድርገውት ነው?»

«ዘመናዊ ሆና ነዋ አባዬ!»

«ዘመናዊ ሲሆኑ ይኮሳተራሉ እንዴ?»

ዳዊት እየሳቀ የኋላውን በር ነካ ሲያደርገው በሩ ራሱ ብድግ ብሎ ተከፈተ። ወንበሮቹን ወደ ፊት አጠፋቸውና ከኋላ ያለው ቦታ ሜዳ ሆነ። ጠጋ ብዬ አየሁ። መብራቷ ተለውጧል፣ በሯ ተለውጧል፣ ድምፅዋ ጠፍቷል። ያ ቦታ ግን ያው ነው። አንዲት ሴት በጎኗ ተጋድማ ልጇን ደረቷ ላይ ልታቅፍበት የምትችል ያህል ነው። ይህን በግምት አይደለም የምናገረው፤ ተኝቼበታለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የአስቤዛ ዝርዝር ነው። ይህን ግን ቅዳሜ ማታውኑ ከልጆቼ አንድ ደብተር ለምኜ ጀመርኩት፤ አጻጻፌ ከንግግሬ ባይለይ አትፍረዱብኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተስፋዬ የአንድ ኢንጂነር ሾፌር ነበር። የምንኖረውም መካኒሳ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነበር። ኢንጂነሩ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ፤ መኪና ላይ ግን ልጅ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ የገዟት አንዲት የጀርመን ስቴሽን ነበረቻቸው። ሰው ስቴሽን የሚገዛው ዕቃ ሊጭንባት ነው። የሳቸው ግን ዕቃም ትጭናለች፣ ስትሮጥም የቤት መኪናውን ሁሉ ጥላው ትሄዳለች። ተስፋዬ «ጀርባዋ የጭነት፣ እግሯ የፈረስ» ይላት ነበር። አራት ክብ ክብ መብራት ነበራት፤ ዙሪያቸው ኒኬል ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር የገረማት ትመስላለች።

በኋላ ኢንጂነሩ ጀርመን አገር ለትምህርት ሄደው ሲመለሱ ከዚያው ፋብሪካ የወጣች አዲስ ሞዴል በመርከብ አስመጡ። የዚችኛዋ መብራት አራት ማዕዘን ነው፤ ኒኬሉ ቀርቶ ጥቁር ላስቲክ ሆኗል፤ ጀርባዋም እንደ ድሮዋ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሳይሆን ትንሽ ዘንበል ብሏል። ሞተሯ ደክሞ የነበረችው አሮጌዋ ከግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ተሰቀለች። ዘመኑ መለዋወጫ የሚጠፋበት ዘመን ስለነበረ፣ አዲሷ አንድ ነገር ስትሆን ተስፋዬ ከአሮጌዋ እየፈታ ይሞክራል። አንዳንዱ ይገጥማል፤ አንዳንዱ በአንዲት ጣት ያህል እምቢ ይላል። ከዚህ የተነሳ በግቢው አሮጌዋን «እናትየዋ»፣ አዲሷን «ልጅቷ» ማለት ጀመርን። እናትየዋ ያላትን ስትሰጥ፣ ስትሰጥ ባዶዋን ቀረች። ዶሮዬ እንኳ ወንበሯ ሥር ገብታ እንቁላል ትጥል ነበር።

ቤንዚን ያኔ በኩፖን ነው። ኩፖኑም አልበቃ ብሎ እሑድ እሑድ መኪና በተራ እንዲወጣ ታዘዘ። አንድ እሑድ ታርጋው በጎዶሎ ቁጥር የሚያልቅ ይወጣል፤ በሚቀጥለው እሑድ በሙሉ ቁጥር የሚያልቅ። ያለ ተራው የተገኘ መኪናው ይያዛል። መኪናው ሲያዝ ሾፌሩም አብሮ ይያዛል። ያኔ ደግሞ አንድ ሰው በትንሽ ነገር ከተያዘ ጥያቄው በዚያው በትንሹ ነገር አያበቃም፤ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። እናትየዋ በሰባት ታልቃለች። ልጅቷ በአራት።

ዳዊት የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ወሩ ነበር። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሌት ተቀን አላባራ ብሏል። የግቢው ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ልጁ ሲያስለው ሰነበተ። ከጤና ጣቢያ ሽሮፕ ሰጡኝ፤ ጠበልም አስጠጣሁት፤ ቅቤም አናቱ ላይ አደረግሁ። እሑድ ጠዋት ጡቴን ስሰጠው አፉን ከፍቶ መያዝ አቃተው። ልብሱን ገልጬ አየሁ፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ከንፈሩ እንደ ወይን ጠጅ ሆኗል። አላለቀስኩም። ድምፄ ጠፍቶ «ተስፋዬ፣ ተስፋዬ» ብቻ አልኩ።

ኢንጂነሩና ባለቤታቸው ክፍለ ሀገር ሄደዋል፤ የልጅቷ ቁልፍ ተስፋዬ ጋር ነው። የዚያ እሑድ ተራ ግን የጎዶሎ ቁጥር ነው። ተስፋዬ የትብብር ወረቀት እንዲጽፉለት ወደ ቀበሌ ሮጠ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማህተም ያዡ ሰውዬ መድረክ ላይ ተቀምጧል፤ «ሲያልቅ» አሉት። መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ ሲጠይቅ፣ «ገና መክፈቻ ንግግሩ ነው» አሉት። ታክሲ ፍለጋ እስከ መንገዱ ወጣ፤ ከዝናብ በስተቀር የሚያልፍ ነገር የለም።

ውሃ እየተንጠባጠበ ተመልሶ መጣ። እናትየዋን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«ካቻቪቴ አምጪልኝ!» አለ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የእናትየዋን ታርጋ ለልጅቷ ላደርግላት ነው። ሰባት ይዛ ከሄደች ማን ይጠይቃታል?»

በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ በራሱ ብልሃት ደስ ብሎት ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። የሞተችው የምታልፍበት ቀን ነው፣ በሕይወት ያለችው የማታልፍበት። ስለዚህ ስሟን ያበድራታል።

ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለ። እኔ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ በሩ ላይ ቆሜ «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» እላለሁ። የፊተኛውን ነቀለ፣ ገጠመ። ወደ ኋላ ዞሮ ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ ሲያሳርፍ፣ ዳዊት ትንፋሽ ሳይወስድ አንድ አፍታ ቆየ።

«ሞተብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ተስፋዬ ካቻቪቴውን ወርውሮ ተነሳ። የኋላውን በር ከፈተልኝ፣ ገፍቶ አስገባኝ፣ ዘጋው። ልጁ አልሞተም፤ መልሶ ተነፈሰ። እኔ ግን ጮሄያለሁ። ኋላዋ አራት እንደ ሆነ ቀረ። ጥፋቱ የኔ ጩኸት ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ አልካድኩም።

ያቺ መኪና ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትታጠብና ስትወለወል አይቻታለሁ እንጂ ማን እኔን አስገብቶኝ! ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ በጎኔ ተኛሁ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ነው። የጎማና የቤንዚን ሽታ አለ። በኋላው መስታወት መንገዱ ከእግሬ ሥር እየተተረተረ ሲሸሽ ይታየኛል፤ ባሕር ዛፉ፣ የሰው አጥር ውስጥ ያለው የበቆሎ እሸት፣ ጎርፍ የሞላው ቦይ። ፊት ለፊቴን ሳይሆን ጥዬው የምሄደውን ብቻ ነው የማየው። ብስራተ ገብርኤልን ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። የምን ቀለም እንደሚሆን ሁሉ ነገርኩት።

ድልድዩ አጠገብ ፍተሻ ነበረ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች፤ አንዱ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተጠልሏል፣ አንዱ መንገዱ ላይ ዝናቡን ጠግቦ ቆሟል። መንገዱ ላይ ያለው ፊቷን አየ። ሰባት። በእጁ እለፉ አለን። ተስፋዬ ማርሽ ሲለውጥ ሰማሁት፤ ትንፋሼን መለስኩ።

ሰውየው ግን መኪና የሚወድ ሰው ኖሯል። መኪና የሚወድ ሰው አንዲት ቆንጆ መኪና ስታልፈው ዞሮ ያያታል። ዞረና አየ። እኔ በኋላው መስታወት አየሁት፤ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ታርጋው ወረደ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ቁም!»

ፊሽካ ተነፋ። ተስፋዬ ቆመ። ሰውየው በረጅም እርምጃ መጥቶ ከኋላ ቆመ። በእኔና በሱ መካከል መስታወቱ ብቻ ነው። አጎንብሶ ቁጥሩን አነበበ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ልጄን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ዝናቡ ከቆቡ ጫፍ በመስመር ይወርዳል። እኔ ጋቢውን ከፍቼ የልጄን ፊት አሳየሁት። የማሳየው ሌላ መታወቂያ አልነበረኝም።

ወደ ተስፋዬ መስኮት ሄደ።

«በፊት ሰባት፣ በኋላ አራት» አለ። «እንዲህ ያለ መኪና የት አገር ነው ያለው?»

«ጓድ፣ ልጅ ታሞብን ነው፤ ሞተብን እኮ!»

«ልጁን አየሁት። የምጠይቅህ መኪናዋን ነው።»

ተስፋዬ መሪው ላይ አቀረቀረ።

«ሰባትን አውቃታለሁ» አለ ሰውየው። «የሰባት ዓይን ክብ ነው። ስድስት ዓመት ፊቷን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ይቺ ሰባት አይደለችም። ልጇ ናት መሰለኝ?»

ተስፋዬ ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየው።

«ደምሴ?»

«ጓድ ደምሴ። ወንዙ ዳር ላቫጆው ደምሴ የነበርኩት። አንድ ቀን ውስጧን ጠርጌ ስጨርስ መሪዋን ልያዝ ብዬ አንዴ ብቀመጥ፣ ‹በእርጥብ ሱሪህ የሰው ወንበር ታበላሻለህ?› ብለህ በፎጣ ፊቴን ያልከኝ። ረሳኸው?»

እኔ ከተስፋዬ አንገት ጀርባ አወቅኩ። አልረሳውም። እንኳን እሱ፣ በዚያች ደቂቃ እኔም ያየሁት ያህል አስታወስኩት። አለቀልን አልኩ። የታርጋው ነገር ቢሆን እንለምነው ነበር፤ ፎጣን ማን ይለምነዋል?

ደምሴ ዞሮ በጋቢናው በኩል በሩን ከፈተ። ጠመንጃው ጉልበቶቹ መካከል እንደ ቆመ ተቀመጠ። ከልብሱ የሚወርደው ውሃ ወንበሩ ላይ ሲፈስ ይሰማኛል።

«ዛሬም እርጥብ ነኝ» አለ።

ከዚያ ለጓደኛው በመስኮት፣ «ይሄን እኔ እወስደዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ተስፋዬ ዞሮም፣ «ንዳ» አለ።

ወዴት እንደሚነዳ አልነገረውም። መንገዱ እስከ ሳር ቤት አንድ ነው። ሳር ቤት ሲደርሱ ግን ወደ ቀኝ ከታጠፉ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አለ፤ እዚያ በእሑድ የገባ ሰው ቢያንስ እስከ ሰኞ አይወጣም። ቀጥታ ከሄዱ ሆስፒታል ነው። ልጄ እስከ ሰኞ እንደማይቆይልኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከድልድዩ እስከ ሳር ቤት ያለውን መንገድ እኔ የቆጠርኩት በልጄ ትንፋሽ ነው።

ደምሴ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል የሚያወራው ስለ መኪናዋ ነው!

«እናትየዋ ኩርባ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ታጋድል ነበር፤ ይቺን እያት፣ ቀጥ ብላ ትታጠፋለች። ሞላዋን ለውጠውታል ማለት ነው። መሪዋስ? እናትየዋ መሪዋ ከባድ ነው ይሉ ነበር።»

«ቀላል ነው» አለ ተስፋዬ።

«ኒኬሏን ምን በላው? ያ ኒኬል እኮ ስወለውለው ፊቴን የማይበት ነበር። ላስቲክ አደረጉባት! ላስቲክ ይወለወላል?»

የመስኮቱን እጀታ አዞረ፣ መስታወቱ ወረደ፣ ዝናብና ነፋስ ገባ። እንደገና አወጣው። እንደገና አወረደው። በልጅነቱ አሻንጉሊት ያላገኘ ሰው ይመስል ነበር። ነፋሱ እኔ ድረስ መጣ።

«ወንድሜ» አልኩ። ከቤት ከወጣን የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። «ስለ እግዜር ዝጋው፤ ልጄን ብርድ ይመታብኛል።»

እጁ እጀታው ላይ ቆመ። ቶሎ ቶሎ አዙሮ ዘጋው።

«ይቅርታ እህቴ» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ የሆነ ነገር ልቤ ውስጥ ብልጭ አለ። ግን ያኔ ጥሩ ቃል ተናግሮ ክፉ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ነበርና አላመንኩትም።

ሳር ቤት ደረስን። ተስፋዬ ቀስ አለ። ወዴት ብሎ ለመጠየቅ ፈራ፤ ከጠየቀ መልስ ሊያገኝ ነው። ዝም ብሎ ቀጥታ እንዳይሄድ አጠገቡ ጠመንጃ አለ። ወደ ቀኝ እንዳይታጠፍ ከኋላው እኔ አለሁ። መኪናዋ ልትቆም ምንም አልቀራት። ዝናብ መጥረጊያዋ ግራው በኩል ኳ፣ ኳ ይላል።

ደምሴ ዞሮ አፈጠጠበት።

«ምን ታዘግማለህ? ቀጥታ ነው እንጂ! ልጁ ሊሞት ነው! የፈረስ እግር አላት እያልክ ወንዝ ዳር ስታወራብን አልነበረም? ሰው እንዲህ ያለች መኪና ይዞ እንደ ጋሪ ይነዳል? ሦስተኛ አግባ!»

ተስፋዬ አገባ። መኪናዋ ተወነጨፈች። እኔ ጀርባዬ ከበሩ ጋር ተላተመ፤ ደስ አለኝ። ፈሪዋ እኔ፣ እንዲያ ስትበር ደስ ብሎኛል! ድንገት እንባዬ መጣ፤ ጠዋት ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ። ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ፍተሻ ነበረ፤ ደምሴ ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «የአብዮት ሥራ ነው! ክፈት!» ብሎ ሲጮህ ገመዱን በጥድፊያ አወረዱት። ተስፋዬ ሳቁን ሲታገል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወይ ደግሞ ያለቅስ ነበር። እስከ ዛሬ ስጠይቀው ሁለቱንም ነበር ይላል።

ሆስፒታል ስንደርስ በሩን ከፍቶ ያወረደኝ ደምሴ ነው። ልጁን አልነካውም፤ ልብሱ እርጥብ ስለ ነበረ ይሆናል። እኔ ልጄን ይዤ ሮጥኩ፤ ዞሬም አላመሰገንኩት።

ሳምባ ምች ነው አሉን። አየር አፍንጫው ላይ አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት። ነጭ ፀጉር ያላት አንዲት ነርስ ትከሻዬን ይዛ «ተቀመጪ፣ ልጄ» አለችኝ፤ ያን ቀን እኔንም ልጅ ብሎ የጠራኝ ሰው ስለነበረ ደስ አለኝ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ከንፈሩ ቀላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀሰ። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የርሃብ ለቅሶ። ዋርዱ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ዞረው ሳቁ። ጡቴን ሰጠሁት፤ ያዘ። እንዲያ ሲይዝ ያመመኝን ሕመም የሚያህል ጣፋጭ ነገር አላውቅም።

ተስፋዬ ከበሩ ውጪ ካለች ሻይ ቤት በጠርሙስ ሻይና በጋዜጣ የተጠቀለለ ቦምቦሊኖ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም ነበር። ቦምቦሊኖው ገና ትኩስ ነው፣ ስኳሩ ከጣቴ ላይ ይጣበቃል፤ ሦስት በልቼ አራተኛውን ስይዝ ተስፋዬ ሳይበላ እንደ ተቀመጠ አየሁት። ጉልበቱ ላይ አንድ ቆርቆሮ አለ። የሰባት ታርጋ።

«ደምሴስ?» አልኩት።

«የለም። እዚህ ካንቺ ጋ ስቆም ሄዷል። ይሄን ከፊቷ ላይ ፈትቶ የተቀመጠበት ወንበር ላይ አስቀምጦልኛል። ብሎኖቹን እንኳ አልጣላቸውም፤ በላዩ ላይ ደርድሯቸዋል። በሳንጃው ጫፍ ነው የፈታው መሰለኝ።»

ለሆስፒታሉ ዘበኛም መልእክት ነግሮት ሄዷል። ተስፋዬ ቃል በቃል ደገመልኝ፦ «ሾፌሩን እንዲህ በለው፤ መኪናዋ እስከ ሰኞ ከዚህ አትነቃነቅ። የፊት ታርጋስ የሚለው ሰው ካለ፣ ጭቃ ላይ ወድቆብኝ ቤት አለ ይበል። ዝናብ መጥረጊያዋ ግራው ያንኳኳል፤ የእናትየዋ ይገጥማታል፣ ይሞክረው።»

ተስፋዬ ይህን ብሎ ታርጋውን በመዳፉ ጠራረገ።

«ወንበሩ ጭቅይት ብሏል» አለ ቀስ ብሎ። «ኢንጂነሩ ሳይመጡ ላድርቀው ብዬ ፎጣ አነሳሁ። ያው ፎጣ እኮ ነው። ከዚያ... መልሼ አስቀመጥኩት። ራሱ ይደርቃል።»

ዳዊት ከሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ። የብስራተ ገብርኤልን ጃንጥላ በታኅሣሥ አስገባሁ፤ የነገርኩትን ቀለም አጥቼ በሌላ ቀለም አስታረቅኩት። ተስፋዬ ለኢንጂነሩ ሁሉንም ተናገረ፤ እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መጥረጊያው ገጠመ?» ገጥሞ ነበር። የእናትየዋ የመጨረሻዋ ስጦታ እሱ ነው። ደምሴን ግን አላገኘነውም። ተስፋዬ ሦስት እሑድ በእግሩ እስከ ድልድዩ ሄደ። ወደ ሌላ ኬላ ተዛውሯል አሉት፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ምን ልትለው ነው የምትፈልገው ስለው፣ «ምንም አልለውም። ቁልፉን ነው የምሰጠው» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ይህ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ፤ ዳዊት «እማዬ፣ ምነው ደርቀሽ ቀረሽ? ግቢ እንጂ!» እስኪለኝ ድረስ። ወንበሩን መልሶ አቃናልኝና ከኋላ ገባሁ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጧል። ተስፋዬ ግን ከጋቢናው በር ውጪ ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ዓይኑ ወንበሩ ላይ ነው፤ ወንበሩ ነጣ ያለ ቆዳ ነው።

«አባዬ፣ ግባ እንጂ!»

«እርጥብ ነኝ። የሰው መኪና ነው፤ የሰው ወንበር ላበላሽ?»

ዳዊት ምንም አላወቀም። ያን ቀን ደረቴ ላይ ሆኖ ሲተነፍስ ነው የዋለው፤ ምን ያውቃል? እኔና ተስፋዬ ግን በመስታወቱ ተያየን።

«ግባ ተስፋዬ» አልኩት። «ዛሬ ተራው ያንተ ነው።»

ገባ። እንደ እንግዳ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዳዊት ነዳ። ላፍቶን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እኔ እንደ ልማዴ «ቀስ በል፣ ዳዊት፣ ቀስ በል የኔ ልጅ!» ስል፣ ተስፋዬ ደግሞ ከፊት፣ «ሦስተኛ አግባ!» አለ።

«አባዬ፣ ይቺ ማርሹን ራሷ ነው የምትለውጠው!»

«ታዲያ ሾፌሩ ምን ይሠራል?»

ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ አንገቴን አዙሬ በኋላው መስታወት አየሁ። መንገዱ እንደ ድሮው ከኋላችን እየተተረተረ ይሸሻል። በበቆሎው ፈንታ ፎቅ ቆሟል፣ ባሕር ዛፉ የለም፤ ፊሽካ የሚነፋ ሰውም የለም። እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ነገም ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ። ግን የፈራሁት ሁሉ ቢደርስ ኖሮ ዛሬ ይህን መሪ የሚይዝ እጅ አይኖርም ነበር። ያልደረሰውን ደግሞ ሰው አይቆጥረውም። እኔ ቅዳሜ ዕለት ቆጠርኩት፤ ትንፋሼ ከሆዴ ወጣ።

ከፉሪ ስንመለስ ተስፋዬ ሲወርድ የሱሪው ቅርጽ ነጩ ቆዳ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ዳዊት «ወይኔ! ባለቤቷ ሳይመጣ!» ብሎ ከመሪው ሥር ጨርቅ መዘዘ። ተስፋዬ ግን ከዘራውን ጥሎ የልጁን እጅ ያዘው።

«ተወው» አለው። «ራሱ ይደርቃል።»